የመርጫ እጣቢን በፀሐይና በቅብ መስታወት ማጥራት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ከአባቴ ጋር ሽንኩርትና ቲማቲም እናለማለን። በመስኖ ነው፤ ውሃው ከአዋሽ በቦይ ይመጣል። ከረጨን በኋላ መርጫውን የምናጥበው ቦዩ አጠገብ ካለች ትንሽ ኩሬ ላይ ነው። ከኩሬዋ ከብት ይጠጣል፣ ሲቸግር ልብስም ይታጠብባታል። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የአክስቴ ልጅ፣ ቲታኒየም የተቀባ መስታወት ፀሐይ ሲያገኘው ፀረ ተባይ መድኃኒት ያጠፋል አለኝ። መስታወት ቤት የሚሠራ ጓደኛ ስላለኝ ቁርጥራጭ መስታወት በነፃ አገኛለሁ። ነጭ የቤት ቀለም ውስጥም ቲታኒየም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። መስታወቱን በዚያ ቀለም ቀብቼ ኩሬው ውስጥ ባስቀምጠው ይሠራል? ስንት መስታወት ይበቃኛል? ከጠራ በኋላስ ውሃው ይጠጣል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የአክስትህ ልጅ አልዋሸህም። ነገሩ ይሠራል። ግን አንተ ባሰብከው መንገድ አይሠራም። ኩሬ ውስጥ አይሆንም፤ በቤት ቀለም ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። ውሃው ይጠጣል ወይ ላልከው፣ አይጠጣም። ከብቶቹንም ከዛሬ ጀምራችሁ ሌላ ቦታ አጠጧቸው። ልብስ ማጠቡም ይቅር። የቀረውን ረጋ ብለን እንየው።

ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነጭ ዱቄት ነው። በውሃ አይሟሟም፣ ርካሽ ነው፣ መርዛማም የሚባል አይደለም። ተስማሚ ብርሃን ሲያርፍበት ውስጡ ያለ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሳል። የተነሳበት ቦታ ክፍት ይቀራል። ያ ክፍት ቦታ ከአጠገቡ ካለ ውሃ ላይ ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባለውን ይፈጥራል። የተነሳው ኤሌክትሮን ደግሞ ውሃው ውስጥ ለሟሟ ኦክስጅን ይሰጣል። ሃይድሮክሲል ራዲካል ኃይለኛ ነው። ያገኘውን ኦርጋኒክ (ካርቦን ያለበት) ሞለኪውል ሁሉ ይቦጫጭቃል። በቂ ጊዜ ካገኘ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ጥቂት ጨው ብቻ ነው። ቲታኒየሙ ራሱ አያልቅም።

አዲስ ነገርም አይደለም። ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓኖች ብርሃን በቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አማካይነት ውሃን እንደሚሰነጥቅ ያሳተሙት በ1972 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1977 ፍራንክና ባርድ ውሃ ውስጥ ያለ ሳያናይድ የሚባለውን መርዝ በዚሁ ዘዴ ማጥፋት እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ ያልተሞከረበት ፀረ ተባይ የለም ማለት ይቻላል። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ራሱን በፀሐይ የሚያጸዳ የመስኮት መስታወት ገበያ ላይ አለ። እሱም ይኸው ስስ ሽፋን ነው።

ችግሩ "ተስማሚ ብርሃን" የምትለዋ ላይ ይጀምራል። ለዚህ ሥራ የሚፈለገው አናቴዝ የሚባለው የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት ነው። እሱን የሚያነቃው የሞገድ ርዝመቱ ከ388 ናኖሜትር በታች የሆነ ብርሃን፣ ማለትም ለዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ብቻ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ የዚህ ድርሻ 4 ወይም 5 በመቶ ቢሆን ነው። እርግጥ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ነው፣ ከምድር ወገብም ብዙ አልራቀም። በአልትራቫዮሌት በኩል አንታማም። ቢሆንም የቀረው 95 በመቶ ፀሐይ መስታወቱን ከማሞቅ በቀር ምንም አይሠራልህም።

አሁን ወደ ቀለሙ። ነጭ ቀለም ውስጥ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ አለ፣ ትክክል ነህ። ግን አብዛኛውን ጊዜ ሩታይል የሚባለው ዓይነት ነው፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቅንጣት በሲሊካና በአሉሚና ተሸፍኗል። ለምን? ካልተሸፈነ ፀሐይ ባገኘ ቁጥር ቀለሙን የያዘውን ማጣበቂያ ራሱ እየበላ ግድግዳውን ወደ ኖራ ይለውጠዋል። የቆየ ግድግዳ ስትደገፍ ጃኬትህ ላይ የሚቀረውን ነጭ ዱቄት ታውቀዋለህ አይደል? ቀለም ፋብሪካዎች ያንን ለማስቀረት ሲሉ አንተ የምትፈልገውን ባሕርይ ሆን ብለው ገድለውታል። የተረፈውም ማጣበቂያው ውስጥ ተቀብሮ ውሃውን አይነካም።

"እሺ፣ ዱቄቱን ገዝቼ ኩሬው ውስጥ ብበትነውስ?" ትለኝ ይሆናል። ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄት ከቅብ መስታወት ፈጥኖ ይሠራል፤ ከውሃው ጋር የሚነካካው ገጽታ ሰፊ ስለሆነ። ግን ቅንጣቶቹ የአንድ ሚሊሜትር ሺህኛ እንኳ የማይሞሉ ናቸው። ተመልሰህ አታወጣቸውም፤ ጨርቅም አሸዋም ያልፋሉ። ሰው መስታወት ላይ መቀባት የጀመረው ለዚሁ ነው። ሲቀባ ደግሞ ሌላ ዋጋ ይከፈላል። ራዲካሉ ዕድሜው ከሚሊዮንኛ ሰከንድ ያነሰ ነው፤ ከተፈጠረበት ቦታ እልፍ ሳይል ይሞታል። በር ላይ እንደታሰረ ውሻ ነው፤ የሚነክሰው ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ብቻ ነው። መስታወቱን የነካው ፀረ ተባይ ይጠፋል። ኩሬው መሐል ያለው ግን እዚያው ተንሳፍፎ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ነገር የሚሠራው ውሃው ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት ብቻ ኖሮት መስታወቱ ላይ እየተንሸራተተ ደጋግሞ ሲያልፍ ነው።

"ስንት መስታወት ይበቃኛል?" ላልከው እናስላው፤ ቁም ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ካሬ ሜትር ቅብ መስታወት እንውሰድ። በጠራ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሚያርፍበት አልትራቫዮሌት 40 ዋት ያህል ነው እንበል። ይህ በሰዓት 0.4 ሞል ገደማ ፎቶን ማለት ነው (ፎቶን የብርሃን ቅንጣት ነው፤ ሞል ደግሞ ኬሚስቶች ቅንጣት የሚቆጥሩበት መለኪያ)። ከ100 ፎቶን አንዱ ፍሬ ያለው ሥራ ይሠራል ብለን እንያዝ። ለስስ ሽፋን ይህ ቸር ግምት ነው። በሌላ በኩል ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ ለምሳሌ ብንወስድ፣ አንድ ሞለኪውሉ እስከ መጨረሻው እንዲጠፋ 16 የኦክስጅን ሞለኪውል ይፈልጋል፤ እያንዳንዱ ኦክስጅን አራት ኤሌክትሮን ስለሚወስድ 64 ኤሌክትሮን መነጠቅ አለበት ማለት ነው። የአክስትህ ልጅ ቀመሩን አመዛዝኖ ሊያሳይህ ይችላል። ሁሉንም ስታካፍለው በሰዓት 20 ሚሊግራም አካባቢ ትደርሳለህ።

20 ሚሊግራም ብዙ ነው ትንሽ? ጠርሙሱን እንየው። የአንድ ሊትር የማላታይን ጠርሙስ "ባዶ ነው" ብለህ ስትወረውረው ታችና ጎኑ ላይ 10 ሚሊሊትር ቀርቷል እንበል። 50 በመቶ ከሆነ 5 ግራም ማላታይን አለበት። 5 ግራም በሰዓት 20 ሚሊግራም ሲጠፋ 250 ሰዓት ይፈጃል። ያውም የእኩለ ቀን ፀሐይ 250 ሰዓት። በቀን 6 እንዲህ ያለ ሰዓት ብታገኝ እንኳ 40 ቀን ያልፋል። ለአንዲት ጠርሙስ ትራፊ!

ያንኑ ጠርሙስ አሁን በሌላ መንገድ ያዘው። ሩቡን ውሃ ሙላው። ክዳኑን አጥብቀህ ዝጋና ግማሽ ደቂቃ ያህል ነቅንቀው። ወደ መርጫው ገልብጠህ ጠብታው እስኪያልቅ ጠብቅ። ይህን ሦስት ጊዜ አድርግ። በየዙሩ 10 ሚሊሊትር ቢቀርም እያንዳንዱ እጥበት 26 እጥፍ ያቀጥነዋል። ከሦስተኛው በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ የሚቀረው መጀመሪያ ከነበረው ከ17,000 አንድ እጅ ነው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቀረው መድኃኒት ደግሞ ሽንኩርቱ ላይ ይውላል። አባትህም የሚጠሉት አይመስለኝም፤ ገንዘብ የከፈሉበት መድኃኒት ጠርሙስ ውስጥ አይቀርባቸውም።

መርጫውም እንደዚሁ ነው። ሲያልቅ ታችኛው ላይ የሚቀረውን በንጹሕ ውሃ አቅጥነህ መጨረሻ ላይ በተውከው መደብ ላይ እርጨው። እሱን እያሰብክ ከመጀመሪያው አንድ ሁለት መደብ ሳትረጭ ተው። ጓንት አትርሳ፤ በጥብጠን ስንጨርስ እጃችንን ቦይ ውስጥ ነከር የማድረግ ልማዳችንም ይቅር።

በዚህ ላይ የምጨቀጭቅህ ያለምክንያት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ለአንድ ፀረ ተባይ በሊትር 0.1 ማይክሮግራም ነው። በዚህ ሂሳብ 1 ግራም መድኃኒት 10 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ጣሪያው ላይ ያደርሳል። ኩሬው ቦዩ አጠገብ ነው፣ ቦዩ ደግሞ መጨረሻው አዋሽ ነው። የአዳማም የቧንቧ ውሃ የሚጣራው ከአዋሽ ተስቦ ነው። መድኃኒቱ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ በእጅ ይያዛል። አንዴ ውሃ ውስጥ ከተበተነ በኋላ ግን ቅብ መስታወትም ሆነ ሌላ ቴክኖሎጂ ሲያሯሩጥህ ይውላል።

ከስሌቱም ውጭ የእናንተ ውሃ ለዚህ ሥራ አይመችም። አዋሽ በክረምት ምን እንደሚመስል ላንተ አልነግርህም፤ ጭቃ ነው። ጭቃው ብርሃኑን ይጋርዳል፣ መስታወቱ ላይም ይተኛል። በበጋ ቢጠራም ውሃው ባይካርቦኔት የሚባል የሟሟ ጨው አለበት፤ በስምጥ ሸለቆ የተለመደ ነው። ባይካርቦኔት ሃይድሮክሲል ራዲካሉን ፀረ ተባዩ ጋር ሳይደርስ ይቀልበዋል። ከዚያ የበሰበሰ ቅጠል፣ አልጌና ፍግ አለ። በሊትር 5 ሚሊግራም ኦርጋኒክ ብስባሽ ያለበት ውሃ ውስጥ 1 ማይክሮግራም ፀረ ተባይ ቢኖር፣ በክብደት 5,000 ለ1 ነው። ራዲካሉ ደግሞ መርጦ አይነክስም። መድኃኒቱ ራሱም ቢሆን ብቻውን አይመጣም። ማላታይን ውሃ ውስጥ ሲገባ ነጭ ሆኖ የሚደፈርሰው ማሟሟያና ማዋሃጃ ስለተጨመረበት ነው። እነሱም ብርሃን ይጋርዳሉ፣ ራዲካልም ይበላሉ። ማላታይኑ ሲሰበር የሚወጣው ፎስፌት ደግሞ ሽፋኑ ላይ ተጣብቆ ቦታ ይይዛል።

ሌላው ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለው ነገር ደግሞ መንገድ ላይ የሚፈጠረው ነው። ማላታይን ወዲያው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይሄድም። መጀመሪያ ላይ ከፎስፈረሱ ጋር የተያያዘው ሰልፈር በኦክስጅን ይተካና ማላኦክሰን ይሆናል። ይህ ነርቭ ላይ ከማላታይን ራሱ ብዙ እጥፍ ይከፋል። ዳያዚኖንና ክሎርፓይሪፎስ የሚባሉት ፀረ ተባዮችም እንዲሁ እንደ ማላኦክሰን ያለ የየራሳቸው ኦክሰን አላቸው። ብርሃኑ ከቀጠለ እነሱም ይጠፋሉ። ግን ደመና መጥቶ ወይም መሽቶ መሐል ላይ ከቆመ፣ መድኃኒቱ "ቀንሷል" እየተባለ ውሃው ከበፊቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ለሸንኮራ አገዳ አረም በብዙ አገር የሚረጨው አትራዚን በዚህ ዘዴ ሳያኑሪክ አሲድ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ የሞለኪውሉ ቀለበት አይሰበርም። እሱ እንኳ መርዝነቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። ልብ በል፣ "ጠፋ" የሚሉት ነገር ወዴት እንደሄደ ሳይጠየቅ አይታመንም።

እግረ መንገዴን፣ በወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበት፣ የሰዉንም ጥርስና አጥንት እንደጎዳ ታውቃለህ። ፍሎራይድ ኦርጋኒክ አይደለምና ብርሃንና ቲታኒየም አያጠፉትም። ፀረ ተባዩ በሙሉ ቢወገድ እንኳ "ንጹሕ የመጠጥ ውሃ" አገኘሁ ማለት አትችልም።

ታዲያ ከጠርሙስና ከመርጫ አልፎ ለሚፈሰው እጣቢ ምን ይደረግ? የእኔ ምርጫ ባዮቤድ ነው። ስዊድኖች በ1993 የጀመሩት ዘዴ ነው፤ ቀላል ነው፣ ከመስታወቱም ይረክሳል። ከቦዩ ራቅ ባለ ቦታ ግማሽ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ትቆፍራለህ። መስኖ ባለበት የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ሊሆን ስለሚችል ሥሩ ላይ ወፍራም ላስቲክ አንጥፍበት። ከዚያ በስፍር ግማሹን የተከተፈ ጭድ፣ ሩቡን ኮምፖስት፣ ሩቡን የማሳ አፈር ደባልቀህ ትሞላዋለህ። ስዊድኖቹ ኮምፖስት ባልኩት ፋንታ የረግረግ ብስባሽ ነው የሚጨምሩት፤ እኛ ጋ ያ አይገኝም። ላዩ ላይ ሣር ይብቀልበት። መርጫው የሚታጠበው እዚያ ላይ ቆሞ ነው።

ሥራውን የሚሠሩት ጭዱ ላይ የሚያድጉት ሻጋታዎች ናቸው። ጭድ ጠንካራ የሚያደርገውን ሊግኒን ለመስበር የሚያመነጩት ኢንዛይም ፀረ ተባዩንም ይሰብረዋል። ቀንም ሌሊትም፣ ደመናም ቢሆን። እንዳይደርቅ፣ እንዳይጥለቀለቅም ተጠንቀቅ፤ በክረምት ቆርቆሮ ወይም ሸራ ጣል አድርግበት። ጭዱ ስለሚበሰብስ በየዓመቱ ዝቅ ይላል፤ ትሞላዋለህ። ከብት እንዳይገባበት እሾህ እጠርበት። መዳብ ያለበት የፈንገስ መድኃኒት ከረጫችሁ ግን መዳቡ አይጠፋም፣ እዚያው ይጠራቀማል። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒትም ባዮቤድ ውስጥ አይደፋም፤ እሱን ለወረዳው ግብርና ባለሙያ አሳውቅ።

ቅብ መስታወቱን ግን ከነጭራሹ ጣለው እያልኩህ አይደለም። ቦታው መጨረሻ ላይ ነው። ጭቃው የተጣራለት፣ ብስባሹ የቀነሰለት፣ ትንሽ መጠን ያለውና ጥቂት ርዝራዥ ብቻ የቀረበት ውሃ ሲሆን ጥሩ ይሠራል። በስፔን አልሜሪያ፣ የላስቲክ ቤት እርሻ በበዛበት አገር፣ የፀረ ተባይ ጠርሙሶች የታጠቡበትን ውሃ በፀሐይ የሚያክም ተቋም ተሠርቷል። 150 ካሬ ሜትር ያህል የፀሐይ መቀበያ አለው። ልብ በል፣ እነሱም ለዚያ የመረጡት የቲታኒየም ቅብ አይደለም። ብረትና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በፀሐይ የሚጠቀመውን ፎቶ ፌንቶን የሚባለውን ነው፤ እሱ ይፈጥናል። ግን አሲድ ይፈልጋል፣ ፐርኦክሳይድ በየጊዜው ይገዛል፣ ባለሙያም ይቆምበታል። ለአንድ ገበሬ ማሳ የሚሆን አይደለም።

ለአክስትህ ልጅ ደግሞ፣ ለመመረቂያ ሥራው ካሰበው፣ ጥቂት ልንገረው። ቅቡ የሚሠራው ከቲታኒየም አይሶፕሮፖክሳይድ፣ ከንጹሕ ኤታኖልና ከጥቂት አሲድ ነው። ድብልቁ ጥርት ያለ መሆን አለበት። በሐምሌ እርጥብ አየር ክፍት ከተተወ ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል፤ ያኔ አልቆለታል፣ ሌላ ይሥራ። መስታወቱ ቀጥ ብሎ ይነከርና በእኩል ፍጥነት፣ በዝግታ ይወጣል። እጅ ከተንቀጠቀጠ አግድም መስመር ጥሎበት ይታያል፤ ስለዚህ ትንሽ ሞተር ቢፈልግ ይሻለዋል። ደህና የወጣ ሽፋን ሲደርቅ ወደ ጎን ዘንበል አድርገህ ስታየው ሐምራዊና ወርቃማ ያብረቀርቃል። ወፍራም ካስፈለገ ቀጭን ቀጭን አድርጎ መደጋገም ነው፤ በአንድ ጊዜ ከተጫነ ይሰነጠቅና በጣት ሲታሽ ይላላጣል። ከዚያ 450 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ጓደኛህ የሚሰጥህ ተራ የመስኮት መስታወት ሶዲየም አለበት። ሲተኮስ ሶዲየሙ ወደ ሽፋኑ ይወጣና ያደክመዋል፤ ከቲታኒየሙ በፊት ስስ የሲሊካ ሽፋን ይቅደም። ፕላስቲክ ላይ እንዳይሞክረው፤ 450 ዲግሪውን አይችልም፣ ቢችልም ሽፋኑ ራሱ ፕላስቲኩን ይበላዋል።

መሥራቱን ለማየት ፀሐይ ላይ ጥቂት ሰዓት ካቆየው በኋላ ጠብታ ውሃ ጣል ያድርግበት። ደህና ሽፋን ላይ ጠብታው አይድቦለቦልም፣ ተዘርግቶ ይተኛል። ፀረ ተባይ ላይ ሲሞክር ሦስት ዕቃ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፦ ቅብ መስታወት በፀሐይ፣ ያልተቀባ መስታወት በፀሐይ፣ ቅብ መስታወት በጨለማ። ሁለተኛው ፀሐይ ብቻዋን ምን እንደምታደርግ ይነግረዋል፤ ሦስተኛው መድኃኒቱ ጠፍቶ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ተለጥፎ መቅረቱን። በሜቲሊን ብሉ ቀለም ብቻ ሞክሮ "ሰማያዊው ጠፋ፣ ሠራ" የሚል ጽሑፍ ስንት አንብቤአለሁ መሰለህ። ቀለሙ ጠፋ ማለት ሞለኪውሉ ጠፋ ማለት አይደለም። ጠቅላላ ኦርጋኒክ ካርቦን ካልተለካ፣ ኦክሰኖቹም ካልተፈለጉ ሥራው ግማሽ ነው።

የኩሬውን ውሃ አስመርምር የሚልህም ይኖራል። ከማስመርመርህ በፊት ላለፉት ሁለት ዓመታት የረጫችኋቸውን መድኃኒቶች ስም ከነመጠናቸው መዝግብ። ጠርሙሱ ካለ ከንግድ ስሙ ሥር በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የንጥረ ነገሩን ስም ገልብጥ። ላቦራቶሪ "ፀረ ተባይ ፈልጉልኝ" ሲባል የሚፈልገውን አያውቅም፤ እያንዳንዱ የራሱ መለኪያ አለው፣ ዋጋውም በዚያው ይቆጠራል። ናሙናው ደግሞ በመድኃኒት ጠርሙስ አይቀዳም። በታጠበ ጥቁር ወይም ቡናማ መስታወት ጠርሙስ ቀድተህ፣ ፀሐይ ሳያገኘው በበረዶ አድርገህ በዚያው ቀን አድርስ። ዝርዝሩን ከጻፍክልኝ የትኛው ኩሬው ውስጥ እስካሁን ሊቆይ እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ገንዘብ ወጥቶበት መመርመር እንደማያስፈልገው ለይቼ እመልስልሃለሁ።